ነጻ የሆነ ሁሉ ጸጋ አይደለም

ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር የወር ወጪያችንን ስንተሳሰብ የኬብል ቴሌቪዥኑ ክፍያ ለሁለታችንም ከበደን። ደረሰኙን መስመር በመስመር ሳነብ ለአካባቢው ጣቢያዎች ተብሎ ለብቻው የሚከፈል ሂሳብ አገኘሁ። እኛ በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ግን እነዚያ ጣቢያዎች በአየር ላይ በነጻ ይሰራጫሉ። አሜሪካ በ2009 ወደ ዲጂታል ስርጭት ከተሻገረች ወዲህ ደግሞ በአንቴና የሚገባው ምስል ጥርት ያለ ነው።

ኬብሉን አቋረጥን። ትንሽ አንቴና ገዝተን መስኮቱ ላይ አደረግንና ቴሌቪዥኑ ጣቢያ እንዲፈልግ አዘዝነው። 4.1፣ 5.1፣ 7.1፣ 9.1 ተራ በተራ መጡ። ለካ ለዓመታት የከፈልንበት ነገር በመስኮታችን ሲያልፍ ኖሯል! ለቀረው ዩቲዩብ አለ አልን። የተረፈውን ገንዘብ ለወንጌል ሥራ ልንሰጥ ተስማማን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ሳይቀር ተናገርኩት።

በአንቴና የሚመጣው ዜና ሰዓቱ ሲደርስ ያልቃል። ዩቲዩብ ግን አያልቅም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው በራሱ ይጀምራል። የማየው ስብከት ስለነበር ጥፋት አልመሰለኝም። "ለአገልግሎት ነው" እያልኩ እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ የጠዋት ጸሎቴም እያጠረ ሄደ።

አንድ ሌሊት በስልኬ ስብከት እያየሁ የአንድ ወንድም ስም ብቅ አለ። ሰባኪው መልእክቱን ሊቋጭ ነበር። "ነገ እደውልለታለሁ" ብዬ ጥሪውን ዘጋሁት። በማግስቱ ስደውል ከሆስፒታል አነሳው። ሌሊት ባለቤቱ በድንገት ታማ ነበር። "ፓስተር፣ አብረውኝ እንዲጸልዩ ብዬ ነው የደወልኩት" አለኝ። ጌታ ረድቷት እህታችን ከቀናት በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወንድሜ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ግን በጌታ ፊት ወድቄ አለቀስኩ።

ኢሳይያስ 55ን ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። እግዚአብሔር በዚያ ምዕራፍ የተጠሙትን ያለ ገንዘብ ይጠራል፤ እንጀራ ላልሆነ ነገር ለምን እንደሚከፍሉም ይጠይቃቸዋል። ኬብሉን ስናቋርጥ ጥያቄውን የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ከፋይነቴ ግን አልቀረም፤ በዶላር ፈንታ በሰዓት፣ በጸሎትና በአንድ ወንድም ጥሪ ከፈልኩ። የጌታ ነጻ ስጦታ ዋጋውን እርሱ ራሱ በደሙ የከፈለበት ነው፤ የሚቀበለውንም ያጠግባል። ያኛው ነጻ እኔን ያስከፍላል፣ አያጠግብምም።

ወደ ኬብል አልተመለስንም፤ አንቴናውም መስኮቱ ላይ አለ። ዩቲዩብን ግን ከስልኬ አጥፍቻለሁ። ማየት ሲያስፈልገኝ ሳሎን ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ሆኜ አንዱን አይቼ እዘጋለሁ። ስልኬ ማታ ክፍት ነው፤ ለሚደውል ሰው።

ወገኖቼ፣ በነጻ አገኘሁት የምትሉትን ነገር ዛሬ በጌታ ፊት አቅርባችሁ ምን እያስከፈላችሁ እንደሆነ ጠይቁት። እርሱ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።