ማሞቂያው ሦስት ላይ ነው

ጀርመን አገር መኖሪያ ቤት የገባ ሰው ማሞቂያውን ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈች ጠባብ ነጭ ቆጣሪ ብዙ ጊዜ ያገኛል። ሳሎን አንድ፣ መኝታ ቤት አንድ፣ ልጆቹ ክፍል አንድ። ፍራንክፈርት የአጎቴ ልጅ ቤት የሰነበትኩት በጥር ብርድ ስለነበር፣ ከከተማው ረጃጅም ፎቆች ይልቅ ቀልቤን የሳበችው ይህች ቆጣሪ ናት። በፈረንጆች 1981 የወጣ ደንብ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ የማሞቂያ ወጪ ቢያንስ ግማሹ፣ ቢበዛ 70 በመቶው፣ እያንዳንዱ ቤት በተጠቀመው ልክ እንዲከፋፈል ያዛል። ቀሪው በቤቱ ስፋት ይታሰባል። የቆጠበ ሰው የቆጠበው ለራሱ ይተርፈዋል ማለት ነው።

ሂሳቡ የሚዘጋው በዓመት አንዴ ነው። ቤተሰቡ በየወሩ ከኪራዩ ጋር በግምት እየከፈለ ይቆይና አከራዩ የዓመቱን አስልቶ ደብዳቤ ይልካል፤ ወይ ተመላሽ አላችሁ ይላል፣ ወይ ጨምሩ። የአጎቴ ልጅ ባለቤት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ከሚመጣላት ደብዳቤ ሁሉ የምትፈራው ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የወር ደመወዜን ሊጨርሰው ትንሽ ነው የቀረው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የማሞቂያውን ነገር እስከ ጥግ ተምራዋለች። ማዞሪያው ላይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ። ብርድ የመታው እንግዳ 5 ላይ ያደርገዋል፣ ክፍሉ ቶሎ የሚሞቅ መስሎት። ቁጥሩ ግን የሚወስነው ሙቀቱ የት ሲደርስ እንደሚቆም ነው። 3 ላይ ከሆነ ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማሞቂያው ራሱ ይበርዳል፤ 5 ላይ ያደረገው ሰው ፍጥነት አላተረፈም፣ ሳያስበው እስከ 28 ዲግሪ ለመክፈል ተስማማ እንጂ። አንዲት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ከማሞቂያ ወጪው 6 በመቶ ያህል እንደሚያድን እዚያ የማያውቅ የለም። በ2022 የዩክሬን ጦርነት የጋዝን ዋጋ ሰማይ ባደረሰው ጊዜ፣ መንግሥት የሕዝብ መሥሪያ ቤቶች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ አዝዞ ነበር። እርሷ ቤት ሳሎኑ ሦስት፣ መኝታ ቤቱ ሁለት ላይ ነው፤ ሁሉም ሹራብና ካልሲ ለብሶ ይቀመጣል።

ጠዋት ጠዋት ግን በዚያ ውርጭ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈታል። ይህ የትልቋ ልጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ማሞቂያዎቹን ትዘጋለች፣ ከዚያ በመንገድ በኩልና በጓሮ በኩል ያሉትን መስኮቶች ከፍታ የምድጃውን ሰዓት ሰባት ደቂቃ ላይ ትሞላለች። ሰዓቱ ሲጮህ ትዘጋለች። በዚያች አጭር ጊዜ የታፈነው አየር ይወጣል፣ ግድግዳውና ዕቃው ግን ሙቀታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጨርሶ አለመክፈት ደግሞ የወጡና የመታጠቢያው እንፋሎት ጥግ ጥጉ ላይ ሻጋታ እንዲያወጣ ያደርጋል። ይህን ለእናትየዋ ያስተማሯት ከታች ፎቅ የሚኖሩ ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው። ደረጃውን ወጥተው፣ በር አንኳኩተው፣ በእጃቸው እያሳዩ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ያላት ሴት ታድላለች።

አሮጊቷ የደረቀ ዳቦ አይጥሉም። ቆራርጠው በትኩስ ወተት ያርሱታል፣ በእንቁላልና በተጠበሰ ሽንኩርት ለውሰው እያድቦለቦሉ ይቀቅሉታል፤ ከመረቅ ጋር ምሳ ነው። የአጎቴ ልጅ ባለቤትም በምላሹ ድርቆሽ ፍርፍር አቅምሳቸዋለች።

ወደ ገበያ እንሂድ። እዚያ የመደርደሪያው ዋጋ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ የዕቃው ዋጋ ነው፤ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው ደግሞ የአንድ ኪሎ ወይም የአንድ ሊትር ሂሳብ ነው፣ ነጋዴው እንዲጽፈው ሕግ ያስገድደዋል። ልጆቹ ትልቁን ቁጥር ዞር ብለው አያዩትም። ትንሹ ልጅ የሁለት ፓስታ ደቃቅ ቁጥር አነጻጽሮ ትልቁን እሽግ ወደ ቦታው ሲመልስ አየሁት፤ ትልቅ እሽግ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የዘይቱ ጠርሙስ፣ የዱቄት ሳሙናው ከረጢት መጠኑ እየተለያየ ሲመጣ በዓይን ግምት የምንገዛውን ሳስብ፣ ይህ ደንብ ለእኛ ገበያ ምነው በመጣ እላለሁ። ባለሱቁ በእስክሪብቶ የሚጽፈው አንድ መስመር ነው፣ ለእናቶች ግን ትልቅ ነገር ነው። አንዴ ብቻ የሚሞላ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ ደግሞ ማሽን ሲጎርሰው የያንዳንዱ 25 የዩሮ ሳንቲም ማስያዣ ይመለሳል፤ እርሷ ቤት ይህ ገንዘብ የልጆቹ ነው። በፈረንጆች ጥቅምት መጨረሻ የዓለም የቁጠባ ቀን ሲመጣ ሣጥናቸውን ባንክ ወስደው ያስቆጥራሉ። ቀኑ የተወጠነው በፈረንጆች 1924 ሚላኖ በተደረገ የቁጠባ ባንኮች ጉባኤ ነው።

ከሁሉ አብልጬ ያደነቅሁት የምጣዷን ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል፣ እዚያ ደግሞ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋ ወደ 40 ሳንቲም ይጠጋል። ሊጡን፣ ጤፉን ከገብስና ከሩዝ ዱቄት ጋር እየደባለቀች፣ በሳምንት አንዴ ነው የምታቦካው። ቅዳሜ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሳታቋርጥ ትጋግራለች፤ አንዱን ሰፌድ ላይ ስትገለብጥ ሌላው ሊጥ ምጣዱ ላይ ነው። ምጣዱን እንደ አዲስ ማጋል ብዙ መብራት ስለሚበላ፣ ያን ቀን ስልክም አታነሳ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ማብሪያውን ታጠፋለች። በቀረው ግለት ይበስላሉ። እነርሱ ሲነሱ ምጣዱ ገና ስለሚያቃጥል ለልጆቹ ቆሎ ታምሳለች፣ ቆሎው ሲወጣ ደግሞ ያረጀውን እንጀራ ቆራርሳ ትዘረጋበታለች፣ እየደረቀ ድርቆሽ ይሆናል። ከጠፋ ምጣድ ይህን ሁሉ ስታወጣ ቆሜ አየሁ። የአገራችን ሴቶች በከሰልና በእንጨት ዘመን የሚያውቁት ብልሃት ነው፤ እርሷም ከእናቷ ነው የወሰደችው።

ወጪዋን የምትይዘው በተራ ደብተር ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ አገር ቤት ለእናቷ የምትልከው፣ እቁብ። ከሁሉ በታች ደግሞ «እንግዳ» የሚል መስመር አለ። ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ለሠርግና ለልቅሶ የሚያዋጡት እዚያ ነው የሚገባው። ወሩ ቢጠብም ያን መስመር አትነካውም፤ ከማሞቂያው፣ ከምጣዱ፣ ከገበያው ያተረፈችውን ወደዚያ ታሻግረዋለች እንጂ። እኔ እንደገባኝ የዚህች ሴት ቁጠባ የሚከበረው በዚህ ነው። ማንንም የማይጎዳውን ወጪ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ታሳድደዋለች፤ ሰውን ከሰው ለሚያቀርበው ወጪ ግን እጇ አይሰስትም።

ሌላው የገረመኝ ነገሩ ሁሉ በአደባባይ መሆኑ ነው። ሰዎች ልጆቻቸው የጠበባቸውን ጫማ ወልውለው፣ «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ደጃቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ደህና ደመወዝ ያለው ጎረቤትም ጎንበስ ብሎ መርጦ ያነሳል። ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። እኛ ዘንድ ልጅ የሌላ ልጅ ካፖርት ለበሰ እንዳይባል ተበድሮ አዲስ የሚገዛ አባት ስንት ነው! ይሉኝታ ደግ ነገር የሚያሠራንን ያህል በየወሩ ከኪሳችን የሚወስደውም አለ። የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ከደጅ ዕቃ ሲያነሳ በጣም ያፍር ነበር፤ አሁን የመካከለኛዋን ልጅ ጠረጴዛ ከየት እንዳመጣው ሳይጠየቅ ይናገራል።

እቁባቸው አሥር ሴቶች ያሉበት ነው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ። የማሞቂያው ሂሳብ የሚመጣበትን ወር የእቁቡ ዳኛ ስለምታውቅ፣ የዚያ ወር ገንዘብ ያለ ዕጣ ለእርሷ እንዲሆን ቀድማ አስማምታላታለች። ሌላዋም የልጇ ክርስትና በሚውልበት ወር፣ ሌላዋም አገር ቤት በምትሄድበት ወር እንዲሁ ይደረግላታል፤ የቀሩት በዕጣ ይወስዳሉ። ዘንድሮ ደብዳቤው ጨምሩ ካላለ ገንዘቡ ለትልቋ ልጅ ብስክሌት ይሆናል፤ ልጅቱም ይህን ስለምታውቅ ሰባቷን ደቂቃ አታሳልፍም።