በበረዶ ላይ መኪና መንዳትን ስለ መማራችን

ከሃያ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ መንገድና በክረምት ጭቃ መኪና የነዳን ስለ ሆንን፥ ከእንግዲህ የሚያስተምረን ሰው ይገኛል ብለን አላሰብንም ነበር። ይህንን ትምክሕታችንን የሰበረው ባለፈው ዓመት በጥር ወር በስዊድን አገር በኡፕሳላ አጠገብ ያገኘነው በረዶ ነው።

የባለቤታችንን ታላቅ ወንድም ለመጠየቅ ከነልጃችን ሄደን ሳለን፥ አማቻችን ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የምትባለውን ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪናቸውን አዋሱን። ሞተሯ በፊት ነው፤ የሚገፏት ግን የኋላ መንኰራኵሮቿ ናቸው። ክብደቷም አንድ ሺህ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን አጠገባችን አስቀምጠን ስንሄድ፥ በመታጠፊያው ላይ ደንግጠን እግራችንን ከነዳጅ መስጫው በድንገት አነሣን። ክብደቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ጀርባዋ ቀለለና ዞረች፤ እኛም ፍሬን ረግጠን ጥፋቱን አባስነው። መኪናይቱ በመንገድ ዳር በተከመረው በረዶ ውስጥ ገብታ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ልጃችን ግን አንዳች ሳትናገር ወርዳ እስከ ቤት በእግሯ ሄደች፤ ዝምታዋም ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

በማግሥቱ አማቻችን ወደ አንድ ባዶ ሜዳ ወስደውን እንደ የኔታ ከጎናችን ተቀመጡ። በዚያ አገር የመንጃ ፈቃድ የሚሻ ሁሉ በሚያንሸራትት ሥፍራ ላይ ሳይማር ፈቃዱን አያገኝም፤ ከዴሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ቀን ድረስም መንገዱ በረዶ በሆነ ጊዜ ያለ በረዶ ጎማ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። ጎማው እንግዲህ ደኅና ነበረ፤ የጎደለው የእኛ እግር ነው።

«ጀርባዋ ወደ ቀኝ ቢሸሽ መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሱ፤ ዓይንዎ ክምሩን ሳይሆን የሚሄዱበትን ይመልከት፤ ፍሬኑን ይተዉት» አሉን። መሪውን መመለስ ቶሎ ለመድን። በጊዜ ማቃናቱ ግን አስቸገረን፤ ጥቂት ስንዘገይ ወደ ሌላው ጎን ትወረውረናለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ዞርን፤ ጸሐፊነት ልማዳችን ነውና ቆጥረን መዘገብነው። አማቻችንም ሊያጽናኑን፥ ሞተሩ በስተኋላ የሆነው ፖርሽ 911 በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1970 ድረስ የሞንቴ ካርሎን እሽቅድምድም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ማሸነፉን ነገሩን። የእርሱ ክብደት ግን የሚገፉትን መንኰራኵሮች የሚጫን ስለ ሆነ፥ ወሬው ብዙም አልጠቀመን።

በሦስተኛው ቀን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ተነሥተን፥ ጀርባዋ ሲሸሽ መልሰን፥ ሳትዞር አቃናናት። ልጃችን ለካ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ታየን ኖሯል። አማቻችን ሲወርዱ እርስዋ መጥታ ተቀመጠች፤ ቀበቶዋንም አጠበቀች።

«አባባ፥ ቀስ ብለው ይንዱ» አለችን።