የእቁብ ዳኛና የቪዛ ሹም

በአንድ ቅዳሜ ወደ መርካቶ ወርደን፣ ከአንዋር መስጊድ ፈቀቅ ብሎ ሱቅ ያላቸውን አንድ በዕድሜ የገፉ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጃችንን ጠየቅናቸው። እኒህ ሰው ውጭ አገር የምትኖር ልጃቸውን ለማየት ቪዛ ለምነው ነበር። የንግድ ፈቃዱን፣ የቤቱን ካርታ፣ የባንኩን ደብተር፣ የጋብቻውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ፌስታል ጠቅልለው ወደ አንድ ኤምባሲ ሄዱ። በመስኮቱ ፊት የቆሙበት ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ የሚበቃ አልነበረም። ፌስታሉንም የፈታው ሰው የለም። አንዲት የታተመች ወረቀት ተሰጥቷቸው ተመለሱ።

«ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህና ይህች ወረቀት ምን እንደምትል ንገረኝ» አሉን። አነበብናት። ተከልክለዋል ትላለች፤ ስለ ምን እንደ ተከለከሉ ግን አትልም። ይህንኑ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «መከልከሉስ ይሁን፤ አገሩ የእነሱ ነው። ወረቀቴን ሳያዩ ግን ምኑን አወቁት?» አሉ።

ነገሩ ስለ ምን ይህን ያህል እንደ ከነከናቸው የገባን ወደ ማታ ነው። እሳቸው የተራው እቁብ ዳኛ ናቸው። አባላቱ ተሰብስበው ሳለ ዕጣው በየስሙ ይጠቀለላል፤ ስሙ ያልገባ እንዳለ ይጠየቃል፤ ከዚያም አንድ ሕፃን ከደጅ ተጠርቶ ያወጣል። ያን ዕለት ዕጣው ለአንድ ጫማ ነጋዴ ወጣ። ለልጁ ሠርግ ገንዘቡን አጥብቆ ይፈልግ የነበረ ሌላ ሰው ቀረበት፤ ነገር ግን ባለዕጣውን መርቆ ሄደ። ዕጣው ሲወጣ በዓይኑ አይቷልና በማን ይከፋል?

እርግጥ ቪዛ እቁብ አይደለም። ማንኛውም መንግሥት በደጁ የሚገባውን የመምረጥ ሥልጣን አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የቪዛ ሕግ፣ የሸንገን ቪዛ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረውና ይግባኝ እንዲል ተፈቅዶለታል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ይኸው ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ ያለ ፈቃድ በአውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቿን ለመመለስ ኢትዮጵያ በበቂ አልተባበረችም ሲል፣ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚመረመርበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው። መንግሥታት ለተካሰሱበት ነገር ዕዳውን የሚከፍለው ባለማመልከቻው ሆነ። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለጉብኝት የሚያመለክት ሰው፣ ተመላሽ መሆኑን ራሱ እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር እንደ መጣ ይቆጠራል፤ ቆንስሉ ቢከለክለውም ፍርድ ቤት ብዙውን ጊዜ አይገባበትም።

በሌላው ላይ ጣት መቀሰር ግን ቀላል ነው። ወዳጃችን ያችን ወረቀት ሲያሳዩን ያፈርነው አጻጻፏን ስለምናውቀው ነበር። እኛስ በጠረጴዛችን ላይ «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ ስንት ጊዜ አርቅቀን፣ ማኅተም አስመትተን፣ ባለጉዳዩን አሰናብተናል! ምክንያት አልነበረንም ማለት አይደለም፤ ነበረን። ነገር ግን መጻፉ አድካሚ መሰለን፤ የተጻፈ ምክንያት ደግሞ ክርክር ይወልዳል ብለን ፈራን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ስንፍና ከልክሎታል፤ ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅር የተሰኘም ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን አቤቱታ ከጨረሰ በኋላ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። አዋጁን አንብበነው ነበር፤ ያስታወስነው ግን መርካቶ ላይ ነው።

በተከታዩ ሰኞ ከመሳቢያችን አንድ የክልከላ ረቂቅ አወጣን። ባለጉዳይዋ የጎደላት አንድ ማስረጃ ብቻ ነበር። የማስረጃውን ስም ጻፍንበት፤ ብታመጣው ጉዳይዋ እንደሚታይላት፣ ባትስማማም ለማን አቤት እንደምትል ጨመርንበት። ሦስት መስመር ሆነ። አለቃችንም «ምነው ደብዳቤው ረዘመ?» እያሉ ፈረሙበት።