ከምስክርነቱ በኋላ ያለው ክኒን

ባለቤቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ስትጨርስ በጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች፤ እልልታው አዳራሹን ሞላው። በማግስቱ ጠዋት ታሞክሲፈኗን ዋጠች። በየቀኑ፣ ለ5 ዓመት። አንዳንዱ የጡት ካንሰር የሚያድገው ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን ነው፤ ክኒኑ ሆርሞኑ ጡት ላይ እንዳይሠራ ስለሚከለክል ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሌሊት ድንገት ወላፈን ይነሣባታል፤ በሐምሌ ብርድ ጋቢውን ገፍታ መስኮት ትከፍታለች፣ እኔ ሌላ ብርድ ልብስ እደርባለሁ። (የምንስቅባቸው ሌሊቶችም አሉ።) ላቡ አንሶላውን ያርሰዋል፤ እንቅልፍ የለም። አንዲት እህት፣ በፍቅር ነው፣ “ጌታ ከፈወሰሽ ክኒኑ ለምን?” አለቻት። ያን ቀን ክኒኗን በእጇ ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ከወላፈኑ ይልቅ ይህ ጥያቄ ጎዳት።

ተወዳጆች ሆይ፣ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ ይዞለት የመጣው ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። እምነቱን የመረመረው አልነበረም። የባለቤቴንም ክኒን ከዚያ እንጎቻ ለይቼ አላየውም።

ክኒኑን የምትወስዱ እህቶች፣ ከሐኪማችሁ ሳትነጋገሩ አታቁሙት። ሙቀቱንም፣ የእንቅልፉን ማጣትም፣ የምታፍሩበትንም ንገሩት፤ የሚያቀልሉ መንገዶች አሉ። ያልተለመደ የማኅፀን ደም ከታየ፣ አንድ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

እኛ ቤት ገና 2 ዓመት ይቀራል። ጸልዩልን።