ካርድ ክፍሉ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ማሸት ሲጀምር፣ ወባም አብራ ትነሣለች። ከዞብል ሥርና ከጎሊና ማዶ የሚመጣው ህመምተኛ መጀመሪያ የሚቆመው ከሐኪም ፊት ሳይሆን ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ነበር። ካርድ ሳይወጣ የሚታከም አልነበረም።

እኔ በነርስነት በሠራሁበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሉን የያዘውን ሰው ሁላችንም «አያ» እያልን እንጠራው ነበር። እናቶች የካርድ ቁጥራቸው የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት ከሳንቲም ጋር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። የጠፋባትን አያ አይቆጣትም።

«እናቴ፣ የማን ቤት ነሽ? ቀበሌሽ የት ነው?»

ስሙ በሐመሩ ሐ ይሁን በሃሌታው ሀ የተመዘገበ ሐሰን፣ በቤት ስሙ የሚጠራ፣ በክርስትና ስሙ የተመዘገበ፣ ሁሉንም ከመደርደሪያው ፈልጎ ያወጣዋል። ያን ችሎታ ማንም አላስተማረውም፤ ለዓመታት ሰውን በስሙ ሲቀበል ያካበተው ነው።

በ2000 ዓ.ም ግድም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጤና መረጃ አያያዙን ማሻሻል ሲጀምር፣ አንድ ታካሚ አንድ ቁጥርና አንድ ፎልደር እንዲኖረው ተባለ። ጤና ኬላዎች ደግሞ የቤተሰብ ፎልደር ያዙ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእናቱን እርግዝናና የልጁን ክትባት እዚያው ይጽፋሉ። በእኔ አስተያየት ትልቅ እርምጃ ነበር። ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዘጋጀው ስማርት ኬር የተባለ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል መጀመሩን ስንሰማም፣ ወረፋው ወደ እኛ እስኪደርስ ጓጓን።

በ2010 ዓ.ም ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የሪፖርት ሶፍትዌር መጣ። ወር ሲዘጋ የወባውን፣ የወሊዱን፣ የክትባቱን ድምር ወደ ላይ እንልክበታለን። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ድምሩ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ታሪክ እንደ ድሮው በካርቶን ፎልደር፣ በአያ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ያኔ ልዩነቱን ያጤነው አልነበረም፤ ሪፖርቱ በወቅቱ እስከደረሰ ድረስ ሥራው የተሠራ ይመስለን ነበር።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ መብራቱም ለወራት ጠፋ። ታኅሣሥ 2014 ላይ ከሸሸንበት ስንመለስ መደርደሪያው ወድቆ፣ ፎልደሩ ወለሉን ሞልቶ፣ ግማሹ በዝናብ ርሶ ተጣብቆ አገኘነው። የእርግዝና ክትትሉ ከስኳሩ፣ የሕፃኑ ከሽማግሌው ተደባልቋል። የአምናውን የወባ ቁጥር አዲስ አበባ ያለ ማንም ከኮምፒውተሩ ሊያወጣው ይችላል። የስኳር ህመምተኛዋ ስንት ዩኒት ኢንሱሊን ትወስድ እንደነበር ግን የሚነግረን ወረቀት አልነበረም። ሰዉ ባዶ ብልቃጥና የክኒን ልጣጭ ይዞ እየመጣ «ይሄንን ነበር የምውጠው» ይለን ጀመር።

አሁን የኤሌክትሮኒክ ካርድ በየሆስፒታሉ እየገባ ነው። ደስ ይለኛል፤ ለእኛ ዘግይቷል እንጂ። ታላላቆቹ ሆስፒታሎች እስኪጠግቡ የእኛን ራያ ቆቦ የመሰለው ቆላ መጠበቅ የለበትም፤ ወረቀቱ ቶሎ የሚጠፋው እንዲህ ባለው ቦታ ነውና። መብራት ቢጠፋ የሚሠራ፣ ቅጂውም ሌላ ከተማ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ልጆች ደግሞ እንደ አያ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጠው ሰው እንዴት እንደሚፈለግ ቢያዩ እወዳለሁ።

ይህን የምለው አያ ያደረገውን ስላየሁ ነው። በዚያ በተመለስንበት ታኅሣሥ ከሁሉ አሳሳቢው የቲቢ ታካሚዎች ጉዳይ ነበር። ሕክምናው 6 ወር ነው፤ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። መዝገቡም አልተገኘም። አያ ፍርስራሹ ላይ አግዳሚ አስቀምጦ «ጻፍ» አለኝ። በሐሳቡ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ መድኃኒት የጀመሩበትን ወር ጭምር ጠራልኝ። ዝርዝሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰጠን። አንዳንዶቹ ተፈናቅለው አልተገኙም፤ የተገኙት እንደገና ተመርምረው መድኃኒት ጀመሩ።