ከሄልሲንኪ ባቡር ጣቢያ ሳይርቁ

ሄልሲንኪ በሄድኩ ቁጥር የማርፈው ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ሆቴል ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ባቡር የተሳፈረ ሰው በግማሽ ሰዓት ገደማ መሀል ከተማ ይወርዳል፤ የታክሲ ፍለጋም የዋጋ ክርክርም የለም። ስለ ነጩ ካቴድራልና ስለ ወደቡ ገበያ ያልሰማ መንገደኛ ስለሌለ አልፋቸዋለሁ።

ጣቢያውን ግን አላልፈውም። ኤሊኤል ሳሪነን የነደፈው ይህ ህንጻ እ.ኤ.አ. በ1919 ተከፈተ። በመግቢያው ግራና ቀኝ ክብ መብራት የታቀፉ ግዙፍ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። ከዚያ ትንሽ ራመድ ሲሉ በ1931 የተከፈተው ቶርኒ ሆቴል አለ። ፊንላንድ በ1944 ከጦርነት ስትወጣ፣ ሶቪየቶች የሚመሩት የቁጥጥር ኮሚሽን የከተመው እዚሁ ነበር።

ሄልሲንኪ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ አባት አሉ። መምጣቴን ሲሰሙ ያረፍኩበት ሆቴል ድረስ ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የሳቸው ነው። «ልጄ፣ ክፍሉ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሳውናው የት እንደሆነ ጠይቅ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። 5.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሳውና፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍል አለ፤ ዩኔስኮም ይህን ባህል በ2020 መዝግቦታል። በሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ የወንዱና የሴቱ ለየብቻ ነው። ልብስ አውልቆ፣ ገላን ታጥቦ፣ ትንሽ ፎጣ አንጥፎ የእንጨት እርከን ላይ መቀመጥ ነው። አንዱ በጭልፋ ውሃ ጨልፎ የጋለው ድንጋይ ላይ ሲያፈስ ድንጋዩ ቸስ ይላል፤ እንፋሎቱ ጣሪያውን ዞሮ ትከሻ ላይ ይወርዳል። «ከታችኛው እርከን ጀምር፤ ላይኛው ለለመደ ነው» ብለው መክረውኛል። የመንገድ ድካም እንዲህ ሲወጣ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ጠዋት ቁርስ ላይ ቡናው ቀለል ብሎ የተቆላ ነው፤ ከጥቁር ዳቦና ከገንፎ ጋር ይቀርባል። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት ናቸው። ክረምቱም ቢሆን አያስፈራም፤ በመሀል ከተማ አንዳንድ መንገዶች ሥር ሙቅ ውሃ ስለሚዘዋወር በረዶው ይቀልጣል።

ሽማግሌው አንድም ጊዜ የኦሎምፒክ ስታዲየሙን ሳያነሱ ተለይተውኝ አያውቁም። በማነርሃይም ጎዳና ወደ ሰሜን በእግር ይኬዳል። ከበሩ ፊት ፊንላንዳዊው ሯጭ ፓቮ ኑርሚ በነሐስ ይሮጣል። የስታዲየሙ ማማ ቁመት 72.71 ሜትር ነው፤ ማቲ ያርቪነን በ1932 ኦሎምፒክ ጦር ወርውሮ ወርቅ ያገኘበት ርቀት መሆኑ ነው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ስታዲየሙ ሌላ ታሪክ አለው። በ1983ቱ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር ያገኘው እዚህ ከተማ ነው። በ2005ቱ ደግሞ ቀነኒሳ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጥሩነሽ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ወርቅ ወሰዱ። «የሴቶቹ 5 ሺህ ዕለት እዚያ ነበርኩ» ይላሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁ፣ መሰለች፤ ከአንድ እስከ አራት የኛ ልጆች!»

ሄልሲንኪ የምትሄዱ ሁሉ ክፍል ስትይዙ ከጣቢያው አትራቁ፤ አንድ ከሰዓት በኋላም ለስታዲየሙ ስጡ።