«ቲቸር፣ ይህን አልሸጥልዎትም»

ይህን ነገር ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ከረምኩ። ዛሬ ልጄም «ጻፊው» ስላለችኝ እነሆ።

አምና ጥቅምት ላይ ወልድያ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ያለቀውን የቅባት ቱቦ ባንኮኒው ላይ አድርጌ «ከዚህ ሁለት ስጠኝ» አልኩ። ነጭ ጋውን የለበሰው ልጅ ቱቦውን ትቶ ፊቴን አየ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ ይህን አልሸጥልዎትም» አለኝ።

መርሳ ላይ ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። እኔ ያስተማርኩት ልጅ እኔን ሊከለክለኝ! እሱ ግን ረጋ ብሎ «ሁለት ለምን ፈለጉ?» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ምክንያቱም ሁለተኛው ለልጄ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ትንሹን ልጄን ሳረግዝ ጉንጮቼና የላይኛው ከንፈሬ አካባቢ ቡናማ ጥላ ወጣብኝ። ማድያት። «ስትወልጂ ይጠፋል» አሉኝ። የብዙ ሴቶች በርግጥ ከወለዱ በኋላ ይደበዝዛል። የእኔ ግን ቀረ። የወሊድ መከላከያ መርፌ ስጀምር ደግሞ ጭራሽ ደመቀ።

ምክር መቼም አይጠፋም። አንዷ «ጉበትሽን ታዪ» አለችኝ። ሌላዋ «ሎሚ ነው መድኃኒቱ» አለችኝ። ሀብሩ ውስጥ ደግሞ ሎሚ መች ይጠፋል! ጠዋት ተቀብቼ ለሰልፍ ሜዳ ላይ ቆምኩ። ጉንጬ ተቃጥሎ ቆሰለ፤ ሲድን ከበፊቱ ጠቁሮ ዳነ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደሚያቃጥል የተረዳሁት በራሴ ፊት ነው።

ከዚያ ከአንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ያቺን ቱቦ ገዛሁ። ምን ልበላችሁ፣ በሁለት ሳምንት ፊቴ ወለል አለ! ሠርግ ላይ ሴቶቹ ከበውኝ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔም ስሙን እየነገርኩ ስንቷን እንዳስገዛሁ እግዜር ይቁጠረው። ከወራት በኋላ ቀያይ ክሮች የመሳሰሉ ደም ሥሮች ጉንጬ ላይ መታየት ጀመሩ። ብጉር ወጣብኝ። ልተወው ስል ፊቴ እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ስቀባው ጸጥ ይላል። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ቆየሁ።

ተማሪዬ ያን ዕለት ወንበር ሰጥቶኝ አስረዳኝ። ቱቦው ውስጥ ያለው ክሎቤታሶል የሚባል በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው እንጂ ለፊት ማቅያ የተሠራ አይደለም። ቆዳን ያሳሳል። በድንገት ሲተውት ደግሞ ቆዳው ያምፃል። ሱቅ ውስጥ ከሚሸጡት ማቅያዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። «ቲቸር፣ ለልጅቷማ በፍጹም!» አለኝ።

ልጄ ቀይ ናት። አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ ጠቃጠቆ አላት፣ የአባቷ ነው። ክፍል ውስጥ ስም አውጥተውላት ኖሮ፣ ከእኔ ቱቦ እየደበቀች ትቀባ ነበር። እኔ ደርሼበት ተቆጣኋት መሰላችሁ? «የራስሽን እገዛልሻለሁ» ነው ያልኳት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያፍረኛል።

ተማሪዬ በመከረኝ መሠረት ሁለታችን ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድን። ድሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው ማለት ነው፤ የቆዳ ሕክምና አለው። ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው ልጄን ነው። «ይኼ በሽታ አይደለም፣ አብሽሪ» አለቻት። ጠቃጠቆ ከቤተሰብ ይወረሳል፤ እዚያ ቦታ ያሉት የቆዳ ሴሎች ሜላኒን የሚባለውን ቀለም በዛ አድርገው ያመርታሉ። ፀሐይ ሲበዛ ይደምቃል፣ ሲቀንስ ይፈዛል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ሐኪም የሚያስፈልገው ነጠብጣቡ ቅርፁን ከቀየረ፣ ካደገ፣ ከቆሰለ ወይም ከደማ ነው። ፈዘዝ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ንጣፍ ቆዳ ላይ ከወጣ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናው ደግሞ በነፃ ነው።

ወደ እኔ ዞረች። ማድያት ሌላ ነው አለችኝ። የዘር ተጋላጭነት፣ የእርግዝና ወይም የመከላከያ ሆርሞንና ፀሐይ አንድ ላይ ሲገናኙ የሚመጣ። ከጉበት ጋር አይገናኝም። ከሦስቱ በእጃችን ያለው ዋናው ፀሐይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ተማሪዎቼ፣ የዱላውን ሙከራ ታስታውሳላችሁ? ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሜዳ አውጥቼ ዱላ አስተክላችሁ ነበር። 6 ሰዓት ካለፈ ትንሽ ቆይቶ ጥላው ከዱላው ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ናት። ነሐሴ አጋማሽም ይደገማል፤ ደመናና የክረምት እረፍት ሆኖ አናየውም እንጂ። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምርም አስተምሬያችኋለሁ። ሰው «የመርሳ ሙቀት ነው ያጠቆረሽ» ሲለኝ አምን ነበር። ጨረርና ሙቀት ግን አንድ አይደሉም፤ ነፋሻማዋ ወልድያ ከመርሳ ከፍ ትላለችና ጨረሯ አይተናነስም። ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ለገዛ ፊቴ አልሠራሁበትም!

ሕክምናው እንደ ቱቦዋ ፈጣን አልነበረም። መጀመሪያ ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ አስተወችኝ። ያ ጊዜ ከባድ ነበር፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው ያስተማርኩት። ቆዳዬ ሲረጋ ሃይድሮኪኖን ያለበት ቅባት ማታ ማታ ብቻ፣ ለተወሰኑ ወራት አዘዘችልኝ። እሱም ቢሆን ያለ ሐኪም ለዓመታት ከተቀባ መልሶ ያጠቁራል። መከላከያውን አማክሬ ሆርሞን ወደሌለው ቀየርኩ። እናንተ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ዣንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ሰንስክሪን። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከተገኘ ደግሞ የቆዳ ቀለም ያለው፤ ምክንያቱም በእኛ ቆዳ ላይ ተራው ብርሃንም ማድያት ያጠቁራል። ዋጋው ለመምህር ደሞዝ ያማል፣ አልዋሻችሁም። ዣንጥላና ጥላ ግን ማንም አቅም አያጣም።

ዛሬ ማድያቴ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ሐኪሟም «ይመለሳል፣ ልማድሽን ጠብቂ» ብላኛለች። ልጄ ጠቃጠቆዋን ይዛ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን መስታወት ፊት ትቆያለች፤ ያኔ አጠገቧ ቆሜ የራሴንም አሳያታለሁ።

በሉ እንግዲህ እንደ ድሮው የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሱቅ ያላችሁ፣ የምትሸጡት ቱቦ ውስጥ ያለውን አንብቡ። የምትቀቡ፣ ከሐኪም ጋር ተመካከሩ፤ በድንገትም አታቁሙ። ያ ሠርግ ላይ ስሙን የነገርኳችሁ እህቶቼ ደግሞ ይቅር በሉኝ፤ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ አብረን እንሄዳለን።

አንተም ልጄ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ያን ቀን ስለከለከልከኝ እግዜር ይስጥልኝ።